አይጡን ማስኬድ፦ የስድስት ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥር 2

ዛሬ ጀመርኩ። 10 ሰከንድ የሚሆን ካርቱን በድሮው የሆሊውድ አሠራር፣ ሙሉ በሙሉ በእጅ ሥዬ መሥራት ነው ያሰብኩት። ኮምፒውተር አንድም መስመር አይሥልልኝም። ስልኬ ፎቶ ያነሣል፣ ፎቶዎቹን ያያይዛል፣ በቃ። ሌላው ሁሉ በእርሳስ፣ በማርከርና በብሩሽ ነው።

ለምን? ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት ቶምና ጄሪን በቪዲዮ ካሴት እናይ ነበር። ቶም ሮጦ ግድግዳ ሲመታ ሰውነቱ እንደ ቂጣ ይጠፈጠፋል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር። ይህ ድመት ወረቀት ላይ የተሣለ ነው። ታዲያ ክብደቱን ከየት አመጣው? ጥያቄው ካደግሁም በኋላ አልለቀቀኝም።

የምሠራው ግን ቶምን አይደለም። ቶምና ጄሪ ዊልያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ በ1940 በኤምጂኤም ስቱዲዮ የፈጠሯቸው ናቸው (የፊልሞቹን ዓመት የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። መብታቸው ገና የባለቤቶቹ ነው። የ1928ቱ የመጀመሪያው ሚኪ ማውስ ግን በአሜሪካ ሕግ 95 ዓመቱን ጨርሶ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ማንም ሊሥለው የሚችል ሆኗል። ያኔ ጓንት የለውም። ቀለም የለውም። ዓይኖቹ ሁለት ጥቁር ፍሬዎች ናቸው።

ዕቅዱ ይኸው ነው፦ ሚኪ እየተራመደ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ያፏጫል።

እሑድ፣ ጥር 3

ቀኑን ሙሉ እርሳስ አልያዝኩም። ከሥዕሉ በፊት ወረቀቱ ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል ማድረግ ያስፈልጋል። ሥዕል ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 በግማሽ ሚሊሜትር ከተዛነፉ ሚኪ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ስቱዲዮዎቹ ወረቀቱን ሁሉ በአንድ መሣሪያ እየበሱ፣ ጠረጴዛው ላይ በተተከሉ ችካሎች ላይ ይሰኩት ነበር። በኋላ በስፋት የተለመደው ባለ ሦስት ችካል ነው፤ መሃሉ ክብ፣ ዳርና ዳሩ ጠፍጣፋ።

እኔ የተራ ቢሮ ወረቀት መብሻ ነው ያለኝ። ሁለት ቀዳዳ። ባለ 6 ቁጥር ብሎን ሁለት ገዝቼ፣ ጭንቅላታቸውን አስቆርጬ፣ ጣውላ ላይ ተከልኳቸው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስህተቴ ታየኝ። የብሎኑ ጥርስ ቀዳዳውን እየበላ ያሰፋዋል። ወረቀቱን አሥር ጊዜ አውጥቼ ስሰካው መላወስ ጀመረ። ጎረቤታችን አናጺው ከእንጨት ሁለት ለስላሳ ችካል ሞርዶ ሰጠኝ። አሁን ወረቀቱ ሲገባ ትንሽ ጥብቅ ይላል። ይህ ጥብቅ ማለቱ ነው የሚፈለገው።

ከጣውላው መሃል አራት ማዕዘን ቆርጬ መስታወት ገጠምኩ። ከሥሩ የኤልኢዲ መብራት አለ። ሦስት ወረቀት ደርቤ ሳበራው የታችኛው መስመር ይታያል።

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ሳምንቱን በየማታው ሚኪን ብቻ ስሥል ሰነበትኩ። ራሱን በሻይ ብርጭቆ አፍ እያዞርኩ፣ ጆሮዎቹን በለስላሳ ቆርኪ። ሆዱ እንደ ዕንቁ ፍሬ ነው። እጅና እግሩ የውሃ ጎማ ይመስላል፤ ክርንም ጉልበትም የለውም፣ ወደፈለግከው ይታጠፋል።

መጀመሪያ እነዚህን ነገሮች የዘመኑ ፋሽን አድርጌ ነበር የማያቸው። አሁን ሌላ ነገር ይታየኛል። ሚኪ የተሣለው በችኮላ ነው። ዋልት ዲስኒ በ1928 መጀመሪያ ላይ ኦስዋልድ የተባለውን ጥንቸል ለአከፋፋዩ ለቻርልስ ሚንትዝ አስረክቦ ባዶ እጁን ቀረ። መብቱ የእሱ አልነበረም። አብዛኞቹ ሠዓሊዎችም ወደ ሚንትዝ ሄዱ። አብ አይወርክስ ግን ቀረ። የሚሄዱት ሠዓሊዎች የመጨረሻዎቹን የኦስዋልድ ፊልሞች እየጨረሱ እዚያው ሎስ አንጀለስ፣ ሃይፔሪየን ጎዳና ባለው ስቱዲዮ ውስጥ ነበሩ። አይወርክስ ከእነሱ ተደብቆ የመጀመሪያውን የሚኪ ፊልም ለብቻው ማለት ይቻላል ሣለው። በአንድ ቀን 700 ሥዕል አወጣ ይባላል። አሰብኩት። 10 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ እንኳ ለአንድ ሥዕል አንድ ደቂቃ አይሞላም።

እኔ ዛሬ በአምስት ሰዓት 9 ሥዕል ነው የሠራሁት።

በእንዲህ ያለ ፍጥነት ማዕዘን ያለው ነገር መሣል አይቻልም። ክብ ግን ከየትም ቢያዩት ክብ ነው። ሚኪ ራሱን ሲያዞር ጆሮዎቹ አብረው አይዞሩም፤ ከፊትም ከጎንም ያው ሁለት ክብ ናቸው። አራት ጣትም እንዲሁ። በእያንዳንዱ እጅ አንድ ጣት መቀነስ ትንሽ ነገር ይመስላል። በሺህ ሥዕል አባዙት። ፊቱን ባየሁት ቁጥር የሚታየኝ የዚያ ሰውዬ የደከመ እጅ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። ዛሬም በዓል ስለሆነ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ርምጃውን ጀመርኩ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ድምፅ ያለው ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ይሄዳል። አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ካነሡት በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃል። አንድ ርምጃ ግማሽ ሰከንድ ከወሰደ፣ ለአንድ ርምጃ 6፣ ለግራና ቀኝ 12 ሥዕል ማለት ነው። 12ኛው ተመልሶ ከ1ኛው ጋር ከተገናኘ ዑደቱ ተዘጋ። ከዚያ እስከፈለግኩት ድረስ ማስኬድ እችላለሁ።

በመጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን ሣልኩ፦ ተረከዙ መሬት የሚነካበት፣ ሰውነቱ እግሩ ላይ የሚወርድበት፣ ሌላው እግር የሚያልፍበት፣ በጣቱ የሚነሣበት። ከዚያ በመሃል ያሉትን ሞላሁ። በስቱዲዮዎቹ ይህ የሥራ ክፍፍል ነበር፤ ዋናው ሠዓሊ ዋና ዋናዎቹን ይሥላል፣ ጀማሪዎች መሃሉን ይሞላሉ። ብዙዎቹ ታላላቅ ሠዓሊዎች በዚህ መሃል መሙላት ነው ያደጉት።

በስልክ አንሥቼ አጫወትኩት። ሚኪ ይንሳፈፋል። እግሮቹ ይሄዳሉ፣ ሰውነቱ ግን አየር ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈጠጥኩበት። ከዚያ ሥዕሎቹን ደርቤ በመብራት ሳያቸው ታየኝ፦ በ12ቱም ሥዕል ራሱ ያለው እኩል ከፍታ ላይ ነው። ጠንቅቄ፣ ለክቼ ነበር እኩል ያደረግኩት!

ሁለተኛውን ሥዕል 4 ሚሊሜትር ዝቅ አደረግኩት፣ ሆዱንም ትንሽ አሰፋሁት። አምስተኛውን 3 ሚሊሜትር ከፍ አድርጌ ሆዱን አጠበብኩት። በሌላው እግርም እንዲሁ። እንደገና አጫወትኩት።

ሚኪ ክብደት አወጣ። መሬቱን ሲረግጥ መሬቱ አለ። ብድግ ብዬ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደድኩ። ያ የልጅነት ጥያቄ መልሱ እዚህ 4 ሚሊሜትር ውስጥ ነበር። ሠዓሊዎቹ ይህን መጨመቅና መለጠጥ ይሉታል፤ ቅርጹ ይለወጣል፣ መጠኑ አይለወጥም። ወደ ታች ሲጨመቅ ወደ ጎን ካልሰፋ ዓይናችን አያምነውም።

እሑድ፣ ጥር 17

ጀርባ ሥዕሉን ሠራሁ፤ የእንጨት አጥር፣ ሁለት ዛፍ፣ ሩቅ ኮረብታ። ሚኪ ባለበት ነው የሚራመደው፤ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ጀርባው ነው።

በየፎቶው 5 ሚሊሜትር እየሳብኩ ሞከርኩ። እግሩ በረዶ ላይ እንዳለ ሰው ተንሸራተተ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መሬት የረገጠው እግር ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው 8 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መሬቱ ግን 5 ብቻ። 8 አደረግኩት፣ ተስተካከለ። 6 ሰከንድ ርምጃ 72 ፎቶ ነው። 72 በ8 ሲባዛ 57.6 ሴንቲሜትር ይመጣል። በዚህ ላይ የካሜራው ስፋት ሲጨመር 83 ሴንቲሜትር የሚሆን ጀርባ ሥዕል ያስፈልጋል። ወረቀት ቀጥዬ ሣልኩት። በድሮ ካርቱን ሩጫ ላይ ያው ዛፍና ያው ቤት ደጋግመው የሚያልፉበት ምክንያት አሁን ግልጽ ነው። ያንን ሁሉ ርዝመት ማን ይሥላል?

ረቡዕ፣ ጥር 20

ሴል ፍለጋ። ሴል የሚባለው ገጸ ባሕርዩ የሚሣልበት ግልጽ ላስቲክ ነው። ኧርል ኸርድ የተባለ አሜሪካዊ በ1915 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ ነው። ከዚያ በፊት ጀርባውም አጥሩም ዛፉም በየወረቀቱ እንደገና መሣል ነበረበት። በግልጽ ላስቲክ ግን ጀርባው አንድ ጊዜ ይሣላል፣ ገጸ ባሕርዩ ብቻ ከላይ ይቀያየራል። ያለዚህ ላስቲክ ቶምም፣ ዳክዬው ዳፊም፣ ጥንቸሉ በግስ በኒም አይኖሩም ነበር ብል አላጋነንኩም።

የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ለጥራዝ ሽፋን የሚሸጠውን ግልጽ ፕላስቲክ አገኘሁ። 40 ፍሬ ገዛሁ። መስመሩ ከፊት በቀጭን ማርከር፣ ቀለሙ ከጀርባ። ከጀርባ የሚቀባው ብሩሹ ያለፈበት እንዳይታይና መስመሩ ንጹሕ እንዲሆን ነው። የተጠቀምኩት አክሪሊክ ቀለም ሲደርቅ፣ ላስቲኩን ትንሽ ሳጥፈው ይሰነጠቃል። አንድ ጠብታ ግሊሰሪን ጨመርኩበት፣ ተሻለ። ሦስት ጠብታ የጨመርኩበት ግን እስከ ማግሥቱ ይጣበቅ ነበር። አንድ ጠብታ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ሁለት ሴል አበላሸሁ። መስመሬ ይንቀጠቀጣል። እርሳስ ይቅር ይላል፣ ማርከር ላስቲክ ላይ ይቅር አይልም።

እህቴ ጥልፍ ትጠልፋለች። አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየችና «እስቲ ተነሣ» አለችኝ። አንድ ሴል ወሰደች። ትንፋሿን ያዝ አድርጋ ጆሮውን በአንድ ዙር ዘጋችው። መስመሩ መነሻው ቀጭን፣ መሃሉ ወፈር ያለ፣ መጨረሻው እንደገና ቀጭን ነው። እኔ የሣልኩት ሚኪ የእሷ መስመር ሲያርፍበት ነው ነፍስ የዘራው። ከዚህ በኋላ መስመሩ የእሷ ነው፣ ተስማምተናል።

በሆሊውድም እንዲህ ነበር። የመጀመሪያውን የሚኪ ፊልም ሴሎች ያቀለሙት በዋልት ዲስኒ ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ ነው። የሠሩትም ሚስቱ ሊሊያን፣ የወንድሙ ሚስት ኤድናና የሊሊያን እህት ሄዝል ሲዌል ናቸው። በኋላ በየስቱዲዮው የማቅለሚያ ክፍል ተቋቋመ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። ሥዕሉን የሚሠሩት ወንዶች ስማቸው ሲጠራ፣ ፊልሙ ላይ በዓይናችን የምናየውን እያንዳንዱን መስመርና ቀለም በእጃቸው ያሳረፉት ሴቶች ስማቸው ስክሪን ላይ አይወጣም ነበር። በ1937 የወጣችውን የበረዶዋን ልዕልት፣ ስኖው ኋይትን አስቡ። በዚያ ፊልም ላይ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሴል በሴት እጅ አልፏል። ይህን ነገር ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

የእህቴ እጅ ላብ ሲል ላስቲኩ ላይ ዐሻራ ይቀራል። ነጭ የጥጥ ጓንት ገዛንና የአውራ ጣቱን፣ የሌባ ጣቱንና የመሃል ጣቱን ጫፍ ቆረጥን። እነዚያ ሴቶችም እንዲሁ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አጥልቀው ነበር የሚሠሩት። ዛሬ 7 ሴል ጨረሰች።

እሑድ፣ ጥር 24

12ቱ የርምጃ ሴሎች ተቀብተው ደረቁ። ቸኩዬ አነሣኋቸው።

እጁ የለም።

ሚኪ ሲራመድ ክንዱ ይወዛወዛል፤ ሰውነቱ ፊት ለፊት ሲያልፍ ግን ይጠፋል። ጥቁር እጅ በጥቁር ሆድ ላይ። በእርሳስ ሳየው መስመሩ ስለነበር አልታወቀኝም። ቀለም ሲገባ ሁሉም አንድ ጥቁር ነገር ሆነ። አራት ሴል ሙሉ በሙሉ አይነበብም።

ጓንቱ ለዚህ ነው! ሚኪ ነጭ ጓንት ያጠለቀው በ1929፣ «ዘ ኦፕሪ ሀውስ» በተባለው ፊልም ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ እጅ ከሰውነት እንዲለይ ነው። ያም ሚኪ ከ2025 ጀምሮ ነጻ ስለሆነ ጓንት ላጠልቅለት እችላለሁ። የእጁን ጥቁር በስቴኪኒ ፍቄ በነጭ መቀባት ነው። ለእህቴ ነገርኳት። «እኔ ያጠለቅኩትን ለእሱም ልታጠልቅለት ነው» አለች።

ሐሙስ፣ ጥር 28

እስካሁን አልፋቅኩም። ሦስት ማታ ስለ ጓንቱ ሳነብ ነበር።

የእጅ መለየት ጉዳይ እውነት ነው፤ ግን ታሪኩ እሱ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሚንስትሬል የሚባል የመድረክ ትርዒት ነበር። ነጭ ተዋንያን ፊታቸውን በተቃጠለ ቡሽ አጥቁረው፣ አፋቸውን አስፍተው ቀብተው፣ ነጭ ጓንት አጥልቀው በጥቁሮች ላይ ያላግጡበታል። የካርቱን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች የጥቁሩን ሰውነት፣ የሰፊውን አፍና የነጩን ጓንት ዝምድና ከዚያ መድረክ ይቆጥሩታል። ሚኪ በ1928ቱ «ስቲምቦት ዊሊ» ፊልም ላይ በእንስሶቹ የሚጫወተው ዜማ ራሱ በዚያ መድረክ ላይ ዝነኛ የነበረ ነው።

ነገሩ በጓንት አያበቃም። ዋርነር ብራዘርስ ከሠራቸው ካርቱኖች 11ዱ ጥቁሮችን በሚያዋርድ መልኩ ስለሚያሳዩ፣ መብቱን ይዞ የነበረው ዩናይትድ አርቲስትስ በ1968 ከቴሌቪዥን አውጥቷቸዋል። ከቶምና ጄሪ ደግሞ እግሯና ነጠላ ጫማዋ ብቻ የሚታየውን፣ ቶምን በመጥረጊያ የምታባርረውን ሴትዮ አስታወስኩ። ድምፅዋ ሊሊያን ራንዶልፍ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ተዋናይት ነበረች። ገጸ ባሕርይዋ የተቀረጸችው ነጮች ስለ ጥቁር የቤት ሠራተኛ በነበራቸው የተለመደ ምስል ነው። ልጆች ሆነን ይህን አናውቅም ነበር። እሷ ስትመጣ ከቶም ጋር አብረን ነበር የምንደነግጠው።

ይህን ጥበብ እወደዋለሁ። ስለምወደውም ነው ይህን መዝለል ያልፈለግኩት። ሰዎቹ እጅ እንዲታይ ፈልገው ነበር፤ መፍትሔውን ሲፈልጉ ግን እጃቸው የገባው አጠገባቸው የነበረው ነገር ነው። አጠገባቸው የነበረው ደግሞ ያ መድረክ ነበር።

ወሰንኩ። ጓንት አላጠልቅለትም። አራቱን እንደገና እሥላለሁ።

እሑድ፣ የካቲት 1

ያለ ጓንት እጁ ከሰውነቱ ተለይቶ እንዴት ይታያል? መልሱ እጁ ሰውነቱ ፊት ለፊት እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ሠዓሊዎቹ ሁሉንም ነገር ጥቁር ቀብተህ እንደ ጥላ ስታየው ምን እንደሚያደርግ ካወቅክ ሥዕሉ ጥሩ ነው ይላሉ። ክንዱን ወደ ኋላና ወደ ፊት ሰፋ አድርጌ አወጣሁት፤ በሆዱ በኩል የሚያልፈውን ሥዕል ክርኑን (ያው፣ ክርን የሌለውን ጎማ) ወደ ኋላ ቆልምሜ እጁን ከጀርባው በኩል አሳለፍኩት። ሚኪ አሁን ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን እያወናጨፈ ነው የሚሄደው። ከድሮው የበለጠ ሰው ሆኗል። እህቴ አራቱን ሴሎች ማታውኑ ጨረሰች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

የመቆሚያ 8 ሥዕልና የፉጨት 6 ሥዕል አለቁ። በጠቅላላው 26 ሴል።

ፉጨቱ ላይ የሚለወጠው አፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውነቱ አንድ ሴል ላይ ቆሞ፣ አፉ ሌላ ሴል ላይ ከላይ ይደረባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። ላስቲኩ ግልጽ ቢመስልም ትንሽ ያጠቁራል። አንድ ሴል ብቻ ባለበት ፎቶና ሁለት ሴል ባለበት ፎቶ መካከል ጀርባው ብልጭ ይላል። መፍትሔው ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ ባዶ ሴል መደረብ ነው፤ የሴሉ ቁጥር መቼም እንዳይለወጥ። ስቱዲዮዎቹም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ ብዙ ሴል ሲደርቡ ደግሞ የቀለሙን ድምቀት ያስተካክሉለት ነበር።

ከዚያ የቆምታው ነገር። ሚኪ ከቆመ በኋላ ከማፏጨቱ በፊት ዝም የሚልባት ቅጽበት አለች። ስንት ፍሬም ትሁን? የካርቱን ዳይሬክተሩ ቸክ ጆንስ በዋርነር ብራዘርስ በ1949 በጀመረው የኮዮቴና (ቀበሮ መሰል አውሬ ነው) የሚያሳድዳት ሯጭ ወፍ የሮድ ራነር ተከታታይ ፊልም ላይ ይህን እንደ ወርቅ አንጣሪ ይመዝን ነበር። ኮዮቴው ከገደል ወድቆ 18 ፍሬም ያህል እየወረደ ይጠፋል፣ ከዚያ 14 ፍሬም ጸጥታ፣ ከዚያ ከታች ብናኝ ቡን ይላል። 13 አያስቅም፣ 15 አያስቅም፣ 14 ያስቃል ይል ነበር። ከአንድ ሰከንድ ሩብ እጅ እንኳ የማይሞላ ልዩነት ነው። ግን ሠርቶ ያየው ያውቀዋል።

10፣ 14፣ 20 እና 30 ፍሬም ሞከርኩ። ለ9 ዓመቷ የእህቴ ልጅ አሳየኋት። 10 ላይ ችኩል ነው። 30 ላይ «ተበላሸ እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። 14 ለኮዮቴው እንጂ ለእኔ ሚኪ አልሆነም። 20 ላይ እሷም አፏን ሞጥሞጥ አደረገች፤ አብራው ልታፏጭ ነው። ይኸው ነው።

እሑድ፣ የካቲት 8

ቀረጻ። ስልኩ ከላይ ታስሯል፣ ብርሃኑም ትኩረቱም ተቆልፏል፣ መጋረጃው ተዘግቷል። ሴሉን መስካት፣ ብናኙን በብሩሽ መጥረግ፣ መስታወት መጫን፣ ርምጃው እስኪያልቅ ጀርባውን 8 ሚሊሜትር መሳብ፣ ማንሣት። 120 ጊዜ።

61ኛው ላይ መብራት ጠፋ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመጣ ቀጠልኩ፤ ፎቶዎቹን ሳጫውታቸው ግን 62ኛው ከ61ኛው ጋር አይመሳሰልም። በጨለማ ሳለሁ ጠረጴዛውን በክርኔ ገፍቼው ኖሯል። ከ1 ጀምሬ እንደገና አነሣሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ወገቤ አይነሣም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ድምፅ። «ስቲምቦት ዊሊ» በኖቬምበር 18 ቀን 1928 ኒውዮርክ ውስጥ ኮሎኒ ቲያትር ሲታይ ሰው ያበደለት ለሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉና ድምፁ አንድ ላይ ስለሚረግጡ ነው። ዘዴውን ያመጣው ዊልፍሬድ ጃክሰን የተባለ ወጣት ሠዓሊ ነው። ፊልም በደቂቃ 90 ጫማ ይሮጣል። በአንድ ጫማ 16 ፍሬም አለ። ሜትሮኖም በሚባለው ምት ቆጣሪ የዜማውን ምት ወደ ፍሬም ቁጥር ቀየሩት። ፊልሙ ገና በግማሽ ሳለ ለቤተሰብ አሳዩት። ፕሮጀክተሩ የሚጮኸው እንዳይረብሽ ከውጭ ሆኖ በመስኮት ያበራል። ጃክሰን ሃርሞኒካ ይነፋል፣ ሌሎቹ የወጥ ቤት ዕቃ ይመታሉ።

እኛም ወጥ ቤት ገባን። ስልኩ ላይ ሜትሮኖም በደቂቃ 120 ምት አደረግኩ፤ በአንድ ምት 12 ፍሬም። ርምጃው ራሱ ግማሽ ሰከንድ ስለሆነ እያንዳንዱ እግር ምት ላይ ያርፋል። 72 ፎቶ፣ 12 ምት። ከዚያ 8 የመቆሚያ፣ 10 የዝምታ፣ 18 ፎቶ፣ 3 ምት። ከዚያ 30 የፉጨት፣ 5 ምት። ደግሜ ቆጠርኩት። ያቺ ለልጅቷ ደስ ያለቻት 20 ፍሬም ራሷ ምት ላይ ነው የምታበቃው። ጆሮዋ ከእኔ ስሌት ቀድሞ ነበር።

ርምጃውን እህቴ በእንጨት ማንኪያ የድስት ክዳን እየመታች ሠራችው። ፉጨቱን ልጅቷ አፏጨች። አራተኛው ሙከራ ላይ ተሳካ።

እሑድ፣ የካቲት 15

ማታ ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅለን በተዋስነው ፕሮጀክተር አየነው። 10 ሰከንድ። እናቴ «ገና ጀመረ ስል?» አለች። ደገምነው። ዘጠኝ ጊዜ አየነው። የማየው እጁን ነበር፤ ሆዱ ጋ ሲደርስ ከጀርባው በኩል ሲያልፍ። ይታያል።

የእህቴ ልጅ የራሷን ልትጀምር ነው። ጃንጥላ የያዘች ድመት። ሴል ስንት ቀረ ብላ ጠየቀች። ከ40ው የቀሩት ጥቂት ናቸው። ስቱዲዮዎቹ በዚያን ጊዜ ሴል ውድ ስለነበር ፊልሙ ሲያልቅ አጥበው ለሚቀጥለው ፊልም ይጠቀሙበት እንደነበር ነገርኳት፤ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተረፈው ጥቂት የሆነውም ለዚህ ነው። አሰብ አደረገችና ሳፋውን ይዛ መጣች።

20ው ሴል አሁን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ቀለሙ በጣት ሲነካ እንደ ቆዳ ይላቀቃል፤ የማርከሩን መስመር በአልኮል እናጠፋዋለን። ስድስቱን እህቴ አልሰጥም ብላ ከጥልፍ ጨርቆቿ መሃል አስቀምጣቸዋለች። የመጀመሪያው ቀን የሠራቻቸው ናቸው።